ነባር የጋዝ ቱቦን ለሃይድሮጅን ማዘጋጀት፦ ከሰነድ ፍተሻ እስከ መጀመሪያው ሙሌት

ሃይድሮጅን የገባበት አረብ ብረት ሲያዩት ምንም የሆነ አይመስልም። አይዝግም፣ አይሳሳም፤ ተስቦ ቢፈተን እንኳ ይልድ ጥንካሬው (ላይመለስ መለጠጥ የሚጀምርበት ውጥረት) አየር ላይ ከተለካው እምብዛም አይለይም። ልዩነቱ የሚወጣው ብረቱ ውስጥ ስንጥቅ ሲኖር ነው። አየር ላይ እየተለጠጠ ስንጥቁን ባለበት የሚያቆም ብረት፣ ሃይድሮጅን ውስጥ ብዙም ሳይለጠጥ ይከፈትለታል። ግፊቱ በወጣና በወረደ ቁጥርም ስንጥቁ አየር ላይ ከሚጓዘው አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ሊራመድ ይችላል። ስለዚህ የተፈጥሮ ጋዝ ሲያስተላልፍ የኖረን ቱቦ ለሃይድሮጅን የሚያዘጋጅ ሰው ዋና ሥራው ሁለት ነው፦ ስንጥቁን ማደን፣ ግፊቱን ማረጋጋት።

ነገሩ የማይቻል አይደለም። በጀርመን የራይን–ሩር የሃይድሮጅን ቱቦ መረብ ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። በኔዘርላንድስ ዜላንድ ደግሞ የተፈጥሮ ጋዝ ያስተላልፍ የነበረ የ12 ኪሎ ሜትር መስመር ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሃይድሮጅን ይሸከማል። እንዲህ ያሉ መስመሮች የሚበረክቱት በመጠነኛ ውጥረት፣ ለስላሳ በሆነ ብረትና እምብዛም በማይዋዥቅ ግፊት ስለሚሠሩ ነው።

ከመጀመር በፊት፦ ሃይድሮጅን እንዴት ይገባል?

ጋዙ እንዳለ ብረት ውስጥ አይገባም። ሁለት አተም ይዞ የሚንሳፈፈው ሞለኪውል ንጹሕ የብረት ገጽ ሲነካ ይከፈላል፤ የሚሰርገው ነጠላው አተም ነው። የቱቦው የውስጥ ገጽ በኦክሳይድ ስለተሸፈነ ይህን ያዘገየዋል። ችግሩ ስንጥቅ በተከፈተ ቁጥር ጫፉ ላይ ምንም ያልሸፈነው አዲስ ብረት መጋለጡ ነው። አተሙ የሚገባው እዚያው፣ ብረቱ በጣም በሚወጠርበት ቦታ ነው።

አተሙ ግድግዳውን ለማለፍ የሚፈጅበትን ጊዜ ለመገመት፦ የግድግዳውን ውፍረት በራሱ አባዝተው ለስርገት መጠኑ (አተሙ በብረቱ ውስጥ የሚሰርግበት ፍጥነት መለኪያ) ስድስት እጥፍ ያካፍሉ። ውፍረቱ 10 ሚ.ሜ.፣ የስርገት መጠኑ 10⁻¹⁰ ካሬ ሜትር በሰከንድ ቢሆን 170,000 ሰከንድ ገደማ ይወጣል፤ ሁለት ቀን መሆኑ ነው። «ቱቦው ሃይድሮጅን የያዘው ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው» የሚል ማጽናኛ አይሠራም። የሚገባው መጠን ደግሞ ከግፊቱ ካሬ ሥር ጋር ያድጋል። ይህም ማለት ግፊቱን በአራት ቢያካፍሉት ብረቱ ውስጥ የሚሟሟው በግማሽ ብቻ ይቀንሳል።

«እኛ የምንቀላቅለው 10 በመቶ ብቻ ነው» የሚለውም እንዲሁ መመርመር አለበት። በ70 ባር መስመር ውስጥ 10 በመቶ ማለት የ7 ባር ሃይድሮጅን ነው። የስንጥቁን እርምጃ ለማፋጠን ይህ በቂ ነው። ቅልቅሉ ሲያንስ ጉዳቱ በዚያው ልክ አያንስም፤ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ለቅልቅልም ይሠራሉ።

ደረጃ 1፦ የቱቦውን የልደት ወረቀት መፈለግ

ለእያንዳንዱ ክፍል ግሬዱን (የብረቱን የጥንካሬ ደረጃ)፣ የውጭ ዲያሜትሩን፣ የግድግዳ ውፍረቱን፣ የተሠራበትን ዓመትና የርዝመት ስፌቱን (ቱቦው ሲሠራ በርዝመቱ የተበየደበትን መስመር) ዓይነት ይመዝግቡ። ከ1970 እ.ኤ.አ. በፊት በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ኤሌክትሪክ የተሰፋ ቱቦ ካለ ቀይ ምልክት ያድርጉበት፤ በዚያ ስፌት ላይ ያልተጣበቀ መስመርና ጠጣር ቀጠና የተለመደ ነው።

ቀጥሎ ብረቱ ሲበየድ ምን ያህል ሊጠጥር እንደሚችል የሚያሳየውን የካርቦን አቻ ያስሉ፦ ካርቦን + (ማንጋኒዝ ÷ 6) + (ክሮሚየም፣ ሞሊብዲነምና ቫናዲየም ተደምረው ÷ 5) + (ኒኬልና መዳብ ተደምረው ÷ 15)፣ ሁሉም በመቶኛ። ውጤቱ ከ0.43 ካለፈ የብየዳዎቹ ዳርቻ ጠጣር ሊሆን እንደሚችል ይያዙና ደረጃ 4 ላይ የልኬት ቦታዎችን ያብዙ። የፋብሪካው ሰርተፊኬት ከጠፋ ከቱቦው ላይ የተላገ ፍቅፋቂ ለላቦራቶሪ ይላኩ። በግምት መሙላት ግን አይቻልም፤ አሮጌ መስመር ላይ በጥገና ጊዜ የገባ ሌላ ግሬድ መገኘቱ ብርቅ አይደለም።

ደረጃ 2፦ የግፊቱን ታሪክ ማንበብ

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ በችኮላ ያልፈዋል፤ ውሳኔው ግን እዚህ ነው ያለው።

ቢያንስ የአንድ ሙሉ ዓመት የግፊት መዝገብ ያውጡ። በቀን አንድ ቁጥር አይበቃም፤ በየሰዓቱ፣ ቢቻል በየደቂቃው የተመዘገበ ይሁን። ከዚያ ሬይንፍሎ በሚባለው ዘዴ እያንዳንዱን መውጣትና መውረድ በመጠን በመጠኑ ይቁጠሩ። ወደፊት መስመሩ በሃይድሮጅን እንዴት እንደሚሠራም ይጠይቁ፦ ኤሌክትሮላይዘሩ (ውኃን በኤሌክትሪክ ከፍሎ ሃይድሮጅን የሚያወጣው መሣሪያ) በፀሐይ ወይም በነፋስ ኃይል የሚሠራ ከሆነና ቱቦውን እንደ ማከማቻ ሊጠቀሙበት ካሰቡ፣ የድሮው የተረጋጋ መዝገብ የወደፊቱን አያሳይም።

ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቅ በቁጥር እንየው። ዲያሜትሩ 508 ሚ.ሜ.፣ ውፍረቱ 9.5 ሚ.ሜ.፣ ግሬዱ ኤክስ52 (ይልዱ 360 ሜጋፓስካል)፣ ግፊቱ 66 ባር ነው እንበል። የዙሪያ ውጥረቱ ግፊት ሲባዛ በዲያሜትር፣ ሲካፈል ለውፍረቱ ሁለት እጥፍ ነው፦ 6.6 × 508 ÷ 19 = 176 ሜጋፓስካል፣ የይልዱ 49 በመቶ። ግድግዳው ላይ ጥልቀቱ 2 ሚ.ሜ. የሆነ፣ በቱቦው ርዝመት የተኛ ረዘም ያለ ስንጥቅ አለ እንበል። ጫፉ ላይ የሚያርፈው የውጥረት ጉልበት ወደ 16 ሜጋፓስካል·√ሜትር ይሆናል።

ግፊቱ በየቀኑ ከ66 ወደ 56 ባር ቢወርድና ቢመለስ፣ ጫፉ ላይ ያለው መዋዠቅ ከ2.5 ሜጋፓስካል·√ሜትር አይበልጥም። እርምጃው በ50 ዓመት ውስጥ እንኳ በማይክሮን የሚቆጠር ነው። ያው ቱቦ በየቀኑ ከ66 ወደ 20 ባር ቢወርድ ግን መዋዠቁ 11 ይደርሳል። በሃይድሮጅን ውስጥ ለቱቦ ብረቶች በሚሠራበት የስንጥቅ እድገት ቀመር ሲሰላ በአንድ ዙር 0.2 ማይክሮን ገደማ ይራመዳል፤ አየር ላይ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ሃያ ጊዜ ያህል ያንስ ነበር። በዓመት 0.08 ሚ.ሜ. ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ስንጥቁ በጠለቀ መጠን እርምጃው ይፈጥናል። በዚህ የመዋዠቅ መጠን ላይ እርምጃው የሚያድገው በ3.66 ርቢ ስለሆነ፣ መዋዠቁን በግማሽ መቀነስ እርምጃውን ከአሥር እጥፍ በላይ ያቀዘቅዘዋል። ከመቆጣጠሪያ ክፍል በሚወጣ ትእዛዝ ብቻ ይህን ያህል የሚያተርፍ ሌላ እርምጃ የለም።

ደረጃ 3፦ ስንጥቅ ማደን

የብረት መሳሳትን የሚያነበው መግነጢሳዊ ፒግ (ፒግ በቱቦው ውስጥ የሚጓዝ መሣሪያ ነው) ለዝገት ጥሩ ነው፤ በርዝመት የተኛ ቀጭን ስንጥቅ ግን ያመልጠዋል። ለስንጥቅ የአልትራሳውንድ ፒግ ያስፈልጋል። ተራው አልትራሳውንድ በፈሳሽ ውስጥ ነው የሚሠራው። ጋዝ ውስጥ በደረቁ የሚሠራው ኤማት የሚባለው፣ ድምፁን ራሱ ብረቱ ውስጥ በኤሌክትሮማግኔት የሚፈጥር ነው። ከተቋራጩ ጋር ሲዋዋሉ መሣሪያው አንብቦ ሊያገኘው የሚችለውን ትንሹን ጥልቀት በጽሑፍ ይያዙ። በደረጃ 2 ስሌትዎ ውስጥ የሚገባው የመነሻ ስንጥቅ ይኸው ነው፤ ያልተገኘ ሁሉ በዚያ ጥልቀት እንዳለ ይቆጠራል።

ጎድጎድ ያለ ቦታ ከነጭረቱ ከተገኘ ቅድሚያ ይስጡት። ብረቱ እዚያ ሳይሞቅ ስለታሸ ይጠጥራል፣ ጭረቱም የስንጥቅ መነሻ ነው።

የውኃ ግፊት ፈተና ጠቃሚ ነው፣ ትልልቁን ጉድለት ያፈነዳል። ግን ፈተናው የሚለካው ሃይድሮጅን ያልገባበትን ብረት ነው። በውኃ ያለፈ ስንጥቅ በሃይድሮጅን ያልፋል ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ከፒጉ ጋር እንጂ በፒጉ ፋንታ አይደረግም።

ደረጃ 4፦ ጥጥረት መለካት

ወሰኑ 250 ቪከርስ ነው (ወደ 22 ሮክዌል ሲ፤ ሁለቱም የጥጥረት መለኪያዎች ናቸው)። ከዚያ በላይ የሆነ ቦታ ለሃይድሮጅን ጉዳት የተጋለጠ ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኤፒአይ 5ኤል በሚባለው የቱቦ መስፈርት መሠረት ለተፈጥሮ ጋዝ የሚሸጥ ቱቦ ላይ ያለ ጠጣር ቦታ ውድቅ የሚደረገው ስፋቱ ከ50 ሚ.ሜ. ሲያልፍና ጥጥረቱ 345 ቪከርስ ሲደርስ ነው። 300 ቪከርስ የሆነ ቦታ ያለው ቱቦ ሕጋዊ ሆኖ ከፋብሪካ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። «መስፈርቱን ያሟላል» የሚለው ማኅተም ለተፈጥሮ ጋዝ እንጂ ለሃይድሮጅን አይመሰክርም።

አለካኩ እንዲህ ነው፦

ሽፋኑን አንሥተው ከብየዳው ግራና ቀኝ 50 ሚ.ሜ. ያህል ያጋልጡ። የላይኛው የብረት ልጥ ካርቦኑ የሳሳ ስለሆነ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ በግራይንደር ቀስ ብለው እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያንሡለት። የሚቀረው ውፍረት ከተፈቀደው እንዳያንስ አስቀድመው ይለኩ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ጀምረው እስከ ቁጥር 400 ያለስልሱ። በአልኮል የተበረዘ ናይትሪክ አሲድ (ከ2 እስከ 5 በመቶ) በጥጥ ቀብተው ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁና በአልኮል ይጠቡ። ብየዳው ከቱቦው ተለይቶ ይወጣል፤ በመካከላቸው ጠቆር ያለች፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የምትሰፋ ጠርዝ ትታያለች። ሙቀት የነካት ዳርቻ እሷ ነች፤ ከፍተኛው ቁጥርም በብዛት የሚገኘው እሷ ላይ፣ ከብየዳው ጋር በምትዋሰንበት በኩል ነው። በአልትራሳውንድ ንክኪ የሚሠራውን ትንሽ መለኪያ ተጠቅመው በእያንዳንዱ ቀጠና ቢያንስ አምስት ንባብ ይውሰዱ። የሚወስኑት በከፍተኛው ነው። አማካዩ ያታልላል። በሚነጥር ኳስ የሚለካው መሣሪያ ለዚህ ሥራ አይመከርም፦ ግድግዳው ቀጭን ሲሆን ቱቦው ራሱ ይንቀጠቀጥና ንባቡን ያዛባል፣ አሻራውም ከጠርዟ ይሰፋል።

ደረጃ 5፦ የላቦራቶሪ ሙከራ

ከመስመሩ ላይ ቁራጭ ቆርጠው ከቱቦው አካል፣ ከስፌቱና ሙቀት ከነካው ዳርቻ ናሙና ያውጡ። ሙከራው የሚደረገው ናሙናው በሃይድሮጅን ጋዝ ውስጥ ሆኖ፣ መስመሩ በሚሠራበት ግፊት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚቀርብ ርካሽ አማራጭ አለ፦ ናሙናውን በሃይድሮጅን ሞልቶ አውጥቶ በቻርፒ መዶሻ መምታት። ገንዘብዎን አያባክኑ። የመዶሻው ምት ከሺኛ ሰከንዶች አይዘልም፤ አተሙ ወደ ስንጥቁ ጫፍ ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ውጤቱ ጥሩ ይወጣል፣ ምንም ግን አይናገርም።

የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቀስ እያለ በሚጨምር ጭነት ስንጥቁ የሚነሣበትን ወሰን መለካት፤ የሃይድሮጅን ቱቦዎች ደንብ በሆነው በኤኤስኤምኢ ቢ31.12 ቢያንስ 55 ሜጋፓስካል·√ሜትር ይፈለጋል። በብሎን ተወጥሮ ለ1000 ሰዓት የሚቀመጠው ናሙናም ተቀባይነት አለው፤ ነገር ግን ለእንዲህ ያለ ለስላሳ ብረት ከፍ ያለ፣ ማለትም የሚያዘናጋ ቁጥር የመስጠት ዝንባሌ ስላለው የመጀመሪያውን እንመርጣለን። ሁለተኛው የስንጥቅ እድገት በዙር ነው፤ ፍጥነቱ በሰከንድ ከአንድ ዙር የዘለለ ከሆነ ሃይድሮጅኑ አይደርስበትም፣ ሲዘገይ ይሻላል።

የጋዙን ንጽሕና በሪፖርቱ ላይ ይዩ። ጥቂት ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ) ኦክስጅን እንኳ የስንጥቁን ጫፍ ሸፍኖ ሃይድሮጅኑን ሊያግደው ስለሚችል የቆሸሸ ጋዝ ብረቱን ጀግና ያስመስለዋል። (ይህን አይተው ኦክስጅን ሆን ብሎ በመስመሩ ውስጥ ስለመጨመር የሚያስቡ አሉ። ሐሳቡ ባዶ አይደለም፤ ግን መከላከያው በዙሩ ፍጥነትና በጭነቱ ዓይነት ስለሚለዋወጥ ብቻውን ሊታመን አይገባም።)

ደረጃ 6፦ የሥራ ግፊቱን መወሰን

በቢ31.12 ሁለት መንገድ አለ። ያለ ላቦራቶሪ ሙከራ የሚሄድ ሰው ሰው በማይበዛበት አካባቢ እንኳ የዙሪያ ውጥረቱን ከይልዱ 50 በመቶ እንዳያሳልፍ ይገደዳል። ሙከራውን ያለፈ እስከ 72 በመቶ ሊፈቀድለት ይችላል። በላይኛው ምሳሌ 50 በመቶው 67 ባር፣ 72 በመቶው ደግሞ 97 ባር ገደማ ይሰጣል። ከኤክስ52 በላይ ለሆኑ ግሬዶች በመጀመሪያው መንገድ ተጨማሪ ቅናሽ አለ፤ ጠንካራ ብረት መግዛት እዚህ ላይ የታሰበውን ትርፍ አያመጣም።

ደረጃ 7፦ ጥገናና ብየዳ

ሃይድሮጅን ከጋዙ ብቻ አይመጣም፤ ከኤሌክትሮዱ እርጥበትም ይመጣል። እንደ ኢ6010 ያለ ሴሉሎስ ኤሌክትሮድ በ100 ግራም ብየዳ 30 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ሃይድሮጅን ይተዋል፤ ኤች4 ምልክት ያለው ዝቅተኛ ሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ ከ4 አያልፍም። ለዚህ ሥራ ሁለተኛውን ይጠቀሙ። ፓኬቱ ተከፍቶ የቆየ ኢ7018 አምራቹ ሌላ ካላለ በ350 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ለሁለት ሰዓት ይድረቅ፣ ከዚያም እስኪበየድበት ድረስ ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ባለው ማቆያ ውስጥ ይቀመጥ። አንዴ ደርቆ እንደገና እርጥበት የነካውን ይጣሉት።

ቱቦውን ከ100 እስከ 150 ዲግሪ ቀድመው ያሙቁ። ሙቀቱ እንዳይወድቅ በየዙሩ ይለኩ፣ ሲጨርሱም በሙቀት መከላከያ ጨርቅ ጠቅልለው ቀስ ብሎ ይብረድ። የስንጥቅ ፍተሻው ከ48 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ይህ ስንጥቅ ዘግይቶ ነው የሚከፈተው። ብየዳው ተጠናቆ በማግስቱ ጠዋት ንጹሕ የተባለ መገጣጠሚያ ማታውን ሊሰነጠቅ ይችላል። በያጁ አርኩን ከብየዳው መስመር ውጭ ቱቦው ላይ እንዳይጭር ይከልክሉ፤ ያቺ የጥፍር ቁራጭ የምታክል ጭረት ወዲያው ትቀዘቅዝና ከ250 ቪከርስ በላይ ትጠጥራለች።

ደረጃ 8፦ ካቶዲክ ጥበቃ

ቱቦውን ከአፈር ዝገት የሚጠብቀው ኤሌክትሪክ ሲበዛ በውጭ ገጹ ላይ ሃይድሮጅን ያመነጫል። ከመዳብ/መዳብ ሰልፌት ማጣቀሻ አንጻር ኤሌክትሪኩ በተቋረጠበት ቅጽበት የሚነበበው ከ−0.85 እስከ −1.2 ቮልት መካከል ይሁን። ከ−1.2 ካለፈ ይቀንሱ። ኤሌክትሪኩን ከሚሰጠው መሣሪያ (ሬክቲፋየር) አጠገብ ያሉት ነጥቦች ናቸው በብዛት የሚያልፉት።

ደረጃ 9፦ ቫልቭ፣ ብሎንና መለኪያ

የቫልቭ ዘንግና ስፕሪንግ ከጠንካራ ማርቴንሳይቲክ የማይዝግ ብረት (410 ወይም 17-4 ፒኤች) የተሠራ ከሆነ ይቀይሩት፤ 316 ይመረጣል። የግፊት ትራንስሚተር ዲያፍራም ቀጭን በመሆኑ ሃይድሮጅን አልፎት ከበስተጀርባው ባለው ዘይት ውስጥ ይጠራቀምና ዜሮው ቀስ በቀስ ይሸሻል። ወርቅ የተቀባ ዲያፍራም ያዝዙ። በደረጃ 2 የታመንነው የግፊት መዝገብ ከእነዚህ መሣሪያዎች ነው የሚመጣው።

ሜቴንን በኢንፍራሬድ የሚያሸቱ የፍሳሽ ጠቋሚዎች ሃይድሮጅንን አያዩትም። ያሉት ካልተቀየሩ ጣቢያው ዕውር ሆኖ ይሠራል። ነበልባሉም በቀን ብርሃን ለዓይን አይታይ ለማለት ይቻላል፤ የሙቀት ካሜራ ያዘጋጁ።

ደረጃ 10፦ ማጽዳት፣ አየር ማስወጣት፣ መሙላት

መጀመሪያ በማጽጃ ፒግ ጥቁሩን ዱቄት ያውጡ። የብረት ሰልፋይድ ስለሚኖርበት ደርቆ አየር ሲያገኝ በራሱ ይቀጣጠላል፤ የፒግ መቀበያው ሳይከፈት በውኃ ይርጠብ። በሌላም ምክንያት መውጣት አለበት፦ ሰልፈር በብረቱ ገጽ ላይ አተሞቹ ተመልሰው ሞለኪውል እንዳይሆኑ ስለሚከለክል ወደ ብረቱ የሚገባው ይበዛል።

አየሩን በናይትሮጅን ያስወጡ፤ የኦክስጅን ንባብ በመስመሩ ጫፍ ከ1 በመቶ በታች ሳይሆን ሃይድሮጅን አይክፈቱ። ከአየር በቀጥታ ወደ ሃይድሮጅን መሄድ ፈጽሞ አይደረግም፤ ከ4 እስከ 75 በመቶ ባለው ቅልቅል ሁሉ ይቀጣጠላል። ሃይድሮጅን ቀላል በመሆኑ በቀስታ ከተለቀቀ በሰፊ ቱቦ ውስጥ ከናይትሮጅኑ በላይ ተንሸራቶ ያልፋል፣ ጫፍ ላይ ያለው ንባብም ያሳስታል። በመካከላቸው ፒግ ያስገቡ ወይም ጋዙ እንዲናወጥ በቂ ፍጥነት ይስጡት። ግፊቱን በደረጃ ከፍ ያድርጉ፣ በእያንዳንዱ ማቆሚያ ፍላንጆቹን ይፈትሹ።

ደረጃ 11፦ ከሙሌት በኋላ

የግፊት ዙሩን ቆጠራ በየወሩ ያስኪዱና ደረጃ 2 ላይ ከታሰበው ጋር ያነጻጽሩ። የኮምፕረሰሩ ፕሮግራም በተለወጠ ቁጥር ስሌቱ ከእንደገና ይሠራል። የስንጥቅ ፒጉ የሚመለስበት ጊዜ ደግሞ ስሌቱ ከሰጠው ዕድሜ ከግማሽ ባይበልጥ ይመረጣል።

በቁፋሮ ስንጥቅ ከተገኘ ሞርደው አያጥፉት። ቁራጩን ከነስንጥቁ ቆርጠው አውጥተው፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዘው ሰብረው ይክፈቱት። የስንጥቁ ገጽ ዝገት የያዘና ደብዛዛ ሆኖ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚሄድ ከሆነ ጥፋቱን አፈሩ፣ ሽፋኑና ካቶዲክ ጥበቃው ዘንድ ይፈልጉ። ከውስጥ ተነሥቶ ዳሩ ያልተለጠጠ፣ ጠፍጣፋና ጎን ለጎን ጥቃቅን ስንጥቆች ያሉት ሆኖ ከተገኘ ግን ሃይድሮጅን ነው፤ በዚያው የቱቦ ምርት የተሠሩት ክፍሎች በሙሉ ግፊታቸው ይውረድና ደረጃ 3 እና 4 በእነሱ ላይ ይደገሙ።